«ሁላችሁም ተጋብዛችኋል»፦ በግቢ ዝግጅቶች ላይ የተደረገ መጠነኛ ጥናት

መግቢያ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ትምህርት ስለመኖሩ ብዙ ተጽፏል። ከትምህርት ውጭ ያለው ግን፣ ማለትም የፓናል ውይይቱ፣ የግጥም ምሽቱ፣ የደም ልገሳው፣ የዲፓርትመንቶች እግር ኳስና የጂሲዎች (የተመራቂ ተማሪዎች) መቶ ቀን፣ የሚገባውን ምሁራዊ ትኩረት እስካሁን አላገኘም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት ይሞክራል። ጥያቄው አንድ ነው፦ ማስታወቂያው ሁሉንም ይጠራል፤ የሚመጣው ማነው? ለምንስ ይመጣል?

የጥናቱ ዘዴ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ማየት ነው። መጠይቅ ያልተበተነው፣ ተማሪ መጠይቅ ሲሰጠው «ማርክ አለው?» ብሎ ስለሚጠይቅና አጥኚው ማርክ የመስጠት ሥልጣን ስለሌለው ነው።

የማስታወቂያው አፈጣጠር

አንድ ክበብ ዝግጅት ሲያስብ አስቀድሞ ደብዳቤ ይጽፋል። ደብዳቤው ወደ ተማሪዎች ዲን ቢሮ ይገባል፤ ዲኑ ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባ ሲወጡ ይመሩታል። የተመራው ደብዳቤ አዳራሽ ወደሚፈቅደው ክፍል ሄዶ «ግልባጭ የለውም» ተብሎ ይመለሳል። ማይክራፎኑ ከንብረት ክፍል በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ባትሪው ግን አላቂ ዕቃ ስለሆነ ራሱን የቻለ ጥያቄ ይቀርብለታል። በመጨረሻ ማስታወቂያው ላይ ክብ ማኅተም ያርፋል። ማኅተሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ቀኑና ሰዓቱ ላይ በመሆኑ፣ ዝግጅቱ ሕጋዊ መሆኑ እንጂ መቼ መሆኑ አይነበብም።

ከዚያ ይለጠፋል። ሰሌዳው ላይ የሚመጣውና ያለፈው እኩል መብት አላቸው፤ ማስታወቂያ የሚለጥፍ አለ፣ የሚያነሳ ግን የለም። ያምናው የሥነ ጽሑፍ ምሽት ከነገው ስልጠና ሥር አንገቱን ያወጣል። በላዩ ላይ የጠፋ መታወቂያ ፍለጋና «አሳይመንት በጥራት እንተይባለን» ተደርበዋል። ቀኝ ማዕዘኑ የለም፤ አንድ ችኩል ሰው ስልክ ቁጥር ሊጽፍበት ቀዶ ወስዶታል። የዝግጅቱ ቦታ የተጻፈው እዚያ ላይ ነበር።

ሰዓትን በተመለከተ ግኝቱ አጭር ነው። «8:00 ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ የውጭ አገሩን መምህር ጠዋት፣ ተማሪውን ከምሳ በኋላ፣ የክብር እንግዳውን 9:30 ላይ ያመጣል። ሦስቱም በራሳቸው አቆጣጠር በሰዓቱ ደርሰዋል።

የተሳታፊዎች ምደባ

አንደኛው ወገን ፍሬሹ ነው። «ሁላችሁም» ሲባል እሱን መስሎት ይመጣል፤ ማስታወቂያውን ከራስጌ እስከ ግርጌ ያነበበ ብቸኛው ፍጡር ነው። ቀድሞ ደርሶ ፊት ይቀመጣል፤ ቦታው ለክብር እንግዶች የተያዘ ስለሆነ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። በሁለተኛው ሴሚስተር አይታይም።

ሁለተኛው ባለ ማርኩ ነው። መምህሩ «አቴንዳንስ ይያዛል፤ 5 ማርክ አለው» ስላሉ መጥቷል። ወረቀቱ ሲደርሰው የራሱን፣ ቀጥሎም የዶርም ልጆቹን ስም በየተራ ይፈርማል። የእጅ ጽሑፉን እንደየሰዉ ጠባይ መለዋወጡ፣ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ከሚታዩት ጥንቃቄ የተሞላባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ሦስተኛው ባለ ሲቪው ነው፤ «ሰርተፊኬት ይሰጣል» የምትለውን መስመር ያየ ጂሲ። ሙሉ ልብስ ለብሶ ባነሩ ሥር ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። አራተኛው ለስላሳና ብስኩት ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚገባው ነው። መርሐ ግብር ሳያይ ሰዓቱን በምን እንደሚያውቅ አጥኚው ሊደርስበት አልቻለም።

ደም ልገሳው ለብቻው ይታያል፤ ተሳታፊው ሳይቀበል የሚሰጥበት ዝግጅት እሱ ነውና። ለጋሹ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ማነስ የለበትም። ሁለተኛው መስፈርት የግቢውን ካፌ ተመጋቢና ከካፌ ውጭ የሚመገበውን ነን ካፌ ይለያል።

ያለ ማኅተም የሚሞሉ ስብሰባዎች

በሌላ በኩል ማንም ሳይጠራቸው የሚሞሉ ስብሰባዎች አሉ። አርሴናልና ማንችስተር ሲጫወቱ ላውንጁ ቦታ ስለማይበቃው ተማሪ ከክፍል ወንበር ተሸክሞ ይመጣል፤ ያው ተማሪ ወንበር ተደርድሮ ለሚጠብቀው ፓናል አልተንቀሳቀሰም። ለምረቃ መቶ ቀን ሲቀር በሚከበረው የመቶ ቀን ዕለትም ጂሲው ነጭ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ጓደኞቹ ጀርባው ላይ እንዲጽፉበት እስክሪብቶ ይዞ ይዞራል። ለዚህ ሁሉ ደብዳቤ የመራ ዲን የለም።

የታሪክ መዛግብትም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ «የኮሌጅ ቀን» የሚባል ዓመታዊ በዓል ነበረው፤ ተማሪዎች ግጥም ይወዳደሩበታል። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሀው ይናገራል»ን አቀረበ። ከዚያ ወዲያ የኮሌጅ ቀን ግጥም የመዝናኛ ክፍል ብቻ ሆኖ አልቀጠለም፤ ከመንግሥት ጋር የሚያጋጭ ጉዳይ ሆነ። የካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣም ሻይ ቡና እንደሚኖር የተገለጸለት አይመስልም።

የመጋቢት 1960ው ጉዳይ ለዚህ ጥናት ልዩ ዋጋ አለው። ስድስት ኪሎ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪው መጣ፤ የመጣው ግን ሊቃወም ነው። እንቁላል ተወረወረ፣ ነገሩ ሰፋ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። ከተሳትፎ አንጻር ብቻ ስንመዝነው ዝግጅቱ እጅግ የተሳካ ነበር።

ተሳትፎን በትእዛዝ ማረጋገጥም ተሞክሯል። ደርግ ታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲጀምር ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘምተዋል። ላለመዝመት የነበረው ምርጫ ጠባብ ስለነበር «5 ማርክ አለው» ማለት አላስፈለገም።

የመርሐ ግብሩ አካል ምርመራ

ታዲያ የዛሬው አዳራሽ ለምን ይጎድላል? ብዙዎች ጥፋቱን በስልክ፣ በቴሌግራምና በትውልዱ ላይ ያላክካሉ። ይህ ጥናት ግን መርሐ ግብሩን አንብቧል። የፓናል ውይይት እንዲህ ይከፈላል፦ የክብር እንግዳውን መጠበቅ፤ የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር፤ የመክፈቻ ንግግር፤ የመክፈቻ ንግግር ያደረጉትን የሚያመሰግን ንግግር፤ ጽሑፍ አቅራቢው ስላይዱን ቃል በቃል የሚያነብበት ክፍል፤ ውይይት። ውይይቱ ላይ ሲደረስ መድረክ መሪው ሰዓቱን አይቶ «ሰዓት ስለሄደብን ሦስት ጥያቄ ብቻ» ይላል። የመጀመሪያውን ዕድል ያገኘ መምህር «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ይጀምርና የሦስቱንም ጊዜ ይወስዳል። የፍሬሹ እጅ ከኋላ ተዘርግቶ ይቆያል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይወርዳል።

በነጋታው ሪፖርት ይጻፋል፦ «ተማሪዎች በንቃት የተሳተፉበት ውጤታማ ውይይት ተካሂዷል።» ፎቶው ከባነሩ ፊት የቆሙትን ያሳያል። ፎቶ አንሺው ወደ ወንበሮቹ ዞሮ እንዲያነሳ ስላልታዘዘ ሪፖርቱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም።

መደምደሚያና የመፍትሔ ሐሳብ

ጥናቱ የደረሰበት ድምዳሜ ተማሪው ስብሰባ አይጠላም የሚል ነው። አፍ ይዞ ተጠርቶ ጆሮ ብቻ እንዲያስገባ ሲፈቀድለት ግን ቀሪውን አካሉን ይዞ ዶርም ይቀራል። እንደ ኮሌጅ ቀኑ ባለ መድረክ ላይ ወጥቶ የሚናገረው ራሱ ተማሪው ነበር፤ ዛሬ በመርሐ ግብሩ ላይ ተማሪው የተመደበው «ታዳሚ» በሚለው ረድፍ ነው።

ስለዚህ ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ አንድ የሙከራ ሐሳብ ይቀርባል። መርሐ ግብሩ ከታች ወደ ላይ ይነበብ፦ በጥያቄ ይጀመር፣ ጽሑፍ አቅራቢው ለተጠየቀው ይመልስ፣ ከዚያ ለስላሳው ይታደል። የእንኳን ደህና መጣችሁና የመክፈቻ ንግግሮቹ ለስላሳው ካለቀ በኋላ፣ በሩ ተከፍቶ፣ አቴንዳንስ ሳይያዝ ይቅረቡ። ያን ጊዜ ተናጋሪዎቹ ስንት ሰው ሊያዳምጣቸው ፈልጎ እንደመጣ ጥናት ሳያስፈልጋቸው ቆጥረው ያውቁታል።