ቡሎን የማያቃውስ መምህር

ይኸው ደግሞ መካኒክነትም በአየር ላይ ሆነ አሉ!

የልጅ ልጄ እዚህ ሜሪላንድ የመኪና ጥገና ይማራል። ከዘራችን ግሪስ የሚነካ ሰው ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ግሪስ የለም። ከባድ መነጽር ራሱ ላይ ይደፋል፤ ባዶው ወለል ላይ ሞተር ብቅ ይላል፤ እሱም አየሩን እየቆነጠረ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን ያነሳል። ቴስታታ! የኤንትሬ ጭነት መኪና ቴስታታ የሰበረው ወገቤ ዛሬም ሰማዩ ሲያጉረመርም አብሮ ያጉረመርማል። እሱ በሁለት ጣት አንስቶ «አባባ፣ ቀላል እኮ ነው» ይለኛል። አየር ምን ይከብዳል!

ሆሎግራም ይሉታል ደግሞ። ሆሎግራምን የፈለሰፈው የሃንጋሪ ተወላጁ ዴኒስ ጋቦር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1947። በ1971 ኖቤል ተሸለመበት። እሱ የብርሃን ሞገድ ነበር የሚቀርጸው። የነዚህ መነጽር ለግራና ለቀኝ ዓይን ትንሽ የተለያየ ምስል እያሳየ አእምሮን ይሸነግላል። ይሸንግል፤ ክብደቱን ለምን ይረሳል?

ዝገት የበላውን ቡሎን አስራ ሦስት ቁልፍ አግብተህ ስትጫነው ሊፈታ ሲል «ቋ!» ይላል። ሊቆረጥ ሲል ግን ድምፁን አጥፍቶ ይለሰልሳል፤ ሊክድህ እንዳሰበ ሽማግሌ ሁሉንም እሺ ይልሃል። ያኔ እጅህ ካልቆመ፣ ቀሪውን ቀን ጉቶውን በድሪል ስትቦረቡር ትውላለህ። የመነጽሩ ቡሎን ሁልጊዜ ይፈታል። ምን ዓይነት ቡሎን ነው?

ይባስ ብሎ አንድ ማታ ለእኔም አጠለቀልኝ። ሞተሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ቆመ። ፒስተኑ ሲወርድ የመግቢያው ቫልቭ ይከፈታል፤ ሲወጣ ሁለቱም ይዘጋሉ፤ ካንዴላው ብልጭ! እኔን አለቃዬ ይህንኑ በጠመኔ ወለል ላይ ሥሎ «የቀረውን በጭንቅላትህ ሙላው» ነበር ያለኝ። ጭንቅላቴ እስኪሞላ ስንት ሞተር ጆሮዬን ለጥፌ አዳመጥኩ! ይሄ ውርጋጥ ከምሳ በፊት ጨረሰው። ቅናት አይደለም። (ትንሽ ነው።)

መነጽሩ ሲወልቅስ ሞተሩ ጭንቅላትህ ውስጥ ይዞራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ቻርጅ ላድርገውና አሳይሃለሁ» አለኝ።

የመነጽሩ ዕድሜም አጭር ነው። ስመ ጥሩ የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 በ2019 ሲወጣ 3,500 ዶላር ነበር፤ በ2024 ማምረቱ ቆመ። መምህሩ ከተማሪው በፊት ጡረታ ወጣ ማለት ነው! የመርካቶ ቁልፎቼ ግን ውቅያኖስ ተሻግረውም ሥራ ላይ ናቸው።

የእናቱ ቶዮታ ፍሬን እያፏጨ ነው። ቅዳሜ በክሪክ እናነሳታለን። መነጽሩን አደርጋለሁ ካለም ያድርግ፤ ጓንት ግን አልሰጠውም።