የነፍስ ታሪፍ በኩዌት

ኩዌት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ቃል ኪዳኑ ሕይወት ክቡር ነው ይላል። የ1960ው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 153 ግን ክብሩን በታሪፍ አስቀምጦት ነበር፦ ሚስቱን፣ እናቱን፣ እህቱን ወይም ልጁን ስታመነዝር አግኝቶ እዚያው የገደለ፣ ቢበዛ ሦስት ዓመት እስር፣ 225 ዲናር መቀጮ ወይም ሁለቱም።

በ2016 ለቤት ሠራተኛ የተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 60 ዲናር ነው። በኩዌቷ ሳልሚያ በቤት ሠራተኝነት ያለች እህታችን የአራት ወር ደመወዟ መቀጮውን ከፍሎ መልስ ያስገኛል። እሷ ግን አሠሪዋን ሳታስፈቅድ ከቤት ከወጣች «ጠፋች» ይባልና እስርና መባረር ይጠብቃታል።

አንቀጽ 153 በ2025 ተሻረ፤ እሰየው! ቃል ኪዳኑን ከተቀበሉ ወዲህ 29 ዓመት ብቻ ፈጀ፤ የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል መቼም። አሁን ደግሞ ከቤት መውጣት ጥፋት መሆኑ ይቅር፤ ለዚህኛው እንኳ ትንሽ ቸኮል በሉ።