አሮጌው መርከብ እና ዋሾው አስጎብኚ

የንስሐ አባቴ ቢሰሙኝ ደስ አይላቸውም፤ ቢሆንም ልናዘዝ። እኔ የማላውቀውን የማውቅ ሰው ነኝ። «አላውቅም» ከምል ጥርሴ ቢወልቅ ይቀለኛል። መንገድ ጠይቀውኝ «ቀጥ ብለው ሄደው ወደ ቀኝ» ያልኳቸው ሰዎች ዛሬም እየሄዱ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ይህ ጠባዬ ማዕረግ ያገኘው ከቦስተን ወደ ደቡብ በምትገኝ ሂንግሃም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አክስቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው «ከሱቅ ሌላ የምታሳየኝ የለህም?» ቢሉኝ፣ «አሮጌው መርከብ» ወደሚባለው የአምልኮ ቤት ወሰድኳቸው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ያየሁት ነገር ደግሞ ለእኔ እንደ ተመረቅሁበት ነው።

በር ላይ እንደደረስን እትዬ ጫማቸውን አወለቁ። እዚያ ጫማ እንደማይወለቅ አውቃለሁ። የዚያን ቀን በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱኑ መናገር አሳፈረኝና የራሴንም አወለቅሁ። የግራ ካልሲዬ በአውራ ጣቴ በኩል መቀደዱ ትዝ ያለኝ ምእመናኑ ዘወር ብለው ሲያዩን ነው።

«መቅደሱ በየት ነው?» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው። «መጋረጃውስ?»

«ለእድሳት አንስተውት ነው» አልኩ።

ያልነበረ መጋረጃ አይነሳም። ቤቱን በ1681 በፈረንጆች አቆጣጠር የሠሩት ፒዩሪታን የተባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች መቅደስም፣ ሥዕልም፣ መስቀልም አልፈለጉም። ለእነሱ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሕዝቡ ነው፤ ሕንፃው መሰብሰቢያ ቤት ብቻ ነው። ስሙንም እንደዚያው ብለው ጠሩት። እሑድ ረጅም ስብከት ይሰሙበታል፤ በሌላው ቀን የከተማውን ጉዳይ ይመክሩበታል፣ ድምፅ ይሰጡበታል። ቅዳሴውና የዕድሩ ስብሰባ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ቢሆን ማለት ነው። ስለዚህም መስኮቱ ሥዕል የሌለበት ጥርት ያለ መስታወት ነው፤ ዓይን የሚያርፍበትም ከፍ ብሎ የቆመው የሰባኪው መድረክ ነው።

እትዬ ባለ በር የእንጨት አጥሮቹን አዩና ምንነታቸውን ጠየቁኝ። «ሕፃናት እንዳይሮጡ ነው» አልኩ። ለካ አጥሮቹ የቤተሰብ መቀመጫዎች ናቸው፤ በ1755 የገቡ ናቸው። ከዚያ በፊት ሕዝቡ በተራ አግዳሚ ላይ ነበር የሚቀመጠው፤ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቱ ለብቻ፣ ያውም እንደ ክብሩ ተመድቦ። ይህን አውቄ ብነግራቸው ኖሮ እትዬ አገራቸው የገቡ በመሰላቸው ነበር።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ። «የማን ታቦት ነው?»

«የሥላሴ» አልኩ፣ ቅንጣት ሳላቅማማ።

በምድር ላይ ይህ መልስ ሊሰጥበት የማይገባ አንድ ቤት ቢኖር ይኸው የቆምንበት ነው። ጉባኤው ከዩኒቴሪያኖች ወገን ነው፤ ዩኒቴሪያኖች ደግሞ ከሌላው ክርስቲያን የተለዩት እግዚአብሔር አንድ አካል እንጂ ሦስት አይደለም ብለው ነው። የሚገርመው፣ ቤቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው በሥላሴ የሚያምኑ ጥብቅ የካልቪን ተከታዮች ነበሩ። ለውጡ የመጣው በዓመፅ ሳይሆን በዕድሜ ነው። ኤቤኔዘር ጌይ የተባሉ አገልጋይ በ1718 ተሾመው እስከ ሞቱበት እስከ 1787 ድረስ፣ ስልሳ ዘጠኝ ዓመት ገደማ፣ እዚያው ሰበኩ። የሰው ልጅ ከክፋቱ ይልቅ ማስተዋሉና በጎነቱ እንዲታይ እያስተማሩ፣ የአባቶቻቸውን ጠጣር ትምህርት ቀስ በቀስ አለሳለሱት። ዛሬ የአሜሪካ ዩኒቴሪያኒዝም አባት ይሏቸዋል። የዩኒቴሪያኖች ማኅበር በይፋ ቦስተን ላይ የተቋቋመው ግን እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1825 ነው። እንግዲህ የኔ መልስ ለ1681 ትክክል ነበር ማለት ነው፤ ያረፈደው ሦስት መቶ ምናምን ዓመት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ማርፈድ ልማዴ ነው።

የቀረኝ ጣራው ነበር። «እትዬ፣ ቀና ይበሉ» አልኩ እጄን ዘርግቼ። «መርከብ ሠሪዎች መርከብ ገልብጠው የሠሩት ጣራ ይህ ነው!»

እትዬ ቀና አሉ፤ ብዙ ቆዩ። የአናጢ ልጅ መሆናቸውን ዘንግቼዋለሁ።

«መሐሉ ላይ ምሰሶ የለውም» አሉ በመጨረሻ። «ያ አግዳሚ ከግድግዳ ግድግዳ ይዘልቃል። ከላይ ያ ቋሚ የጣራውን ጫፍ ይዞታል። እነዚያ የጎበጡት ደግሞ በግራና በቀኝ ደግፈውታል። ሸክሙ ወደ ግድግዳው ይወርዳል። ይህን የሠራ ሰው ቤት ሠሪ ነው፤ መርከብ ምን ያደርግለታል?»

ልክ ነበሩ። የመጀመሪያው ሕንፃ ወርዱ 45 ጫማ፣ ወደ አሥራ አራት ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ ስፋት ያለ መሐል ምሰሶ መሸፈን ቀልድ አይደለም። የጎበጡት እንጨቶች የተገለበጠ የመርከብ ሆድ ያስመስሉታል፤ ስሙም ተረቱም የመጣው ከዚያ ነው። አሠራሩ ግን ከእንግሊዝ አገር ሂንግሃም ተነሥተው የከተማቸውን ስም ጭምር ይዘው የመጡት ሰዎች የሚያውቁት የቆየ የቤት አናጢነት ነው። እትዬ በሁለት ደቂቃ ያዩትን እኔ ማታ ተደብቄ ሳነብ ነው ያገኘሁት።

ሳነብ ግን አንድ ነገር ላይ ቆምኩ። ያን ጣራ ለሁለት መቶ ዓመት ያየው ሰው አልነበረም። በ1730 አካባቢ ቤቱ ሲሰፋ ከሥሩ ኮርኒስ መቱበት፤ ኮርኒሱ የተነሳው በ1930ው እድሳት ነው። ያ ሁሉ ትውልድ ጣራው በምን እንደቆመ ሳያይ ከሥሩ ተቀምጦ ተነሣ። ኮርኒስ መምታት እንግዲህ የኔ ሙያ ነው። ሰው ጥያቄ ይዞ ቀና ሲል፣ ባዶው እንዳይታይ ቶሎ ብዬ አንድ ልሙጥ መልስ እመታበታለሁ። ልዩነቱ፣ ሂንግሃሞች ከኮርኒሳቸው በላይ የሚያኮራ እንጨት ነበራቸው።

በማግሥቱ ቁርስ ላይ አንገቴን ደፍቼ ተናዘዝኩ። መጋረጃውን፣ ሕፃናቱን፣ ሥላሴን፣ መርከቡን፣ አንድ በአንድ።

«አውቄያለሁ» አሉ እትዬ እንጀራቸውን እየቆረሱ። «መጋረጃ ቢነሳ መስቀያው ይቀራል ብዬ ግድግዳውን አይቼው ነበር። ደግሞ ጫማ ያወለቅነው እኔና አንተ ብቻ ነበርን።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ደስ ብሎህ ስታወራ አሳዘንከኝ።»

ዳግመኛ ላልዋሽ ማልኩ። መሐላው የጸናው ሦስት ቀን ነው። ወደ አየር ማረፊያው ስሸኛቸው ከመንገዱ ዳር የተንጣለለውን ውኃ አዩና «ይህ ሐይቅ ነው ወይስ ወንዝ?» አሉኝ።

«ሐይቅ ነው» አልኩ።

እትዬ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርገው አየሩን ሳቡ።

«ሐይቅህ ጨው ጨው ይሸታል፣ ልጄ።»