የስምንት ወሩ አድመኛ

በየቤታችን አንድ አደገኛ ሰው ተደብቋል። ጥርሱ ሁለት ነው፤ ፀጉሩ ገና አልሞላም፤ ሱሪውን እንኳ የሚያስታጥቀው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው ግን በምሳ ሰዓት ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ባዞረ ቁጥር ቤቱ ይተራመሳል። እናት ዓይኗ እንባ ያቀርራል፣ አያት መቀነቷን ታጠብቃለች፣ ሠራተኛዋ ፎጣ ይዛ ትሮጣለች፣ አባት ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ካርቱን ይፈልጋል። ሰውዬው የምግብ አድማ መትቷል! ጥያቄው ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። አድማው ይሰበር ተብሎ ብቻ ታዟል።

ከአድማ ሰባሪዎቹ ወገን መሆኔን አስቀድሜ ላስታውቅ። የሕፃን ሆድ የሕፃኑ ነው የሚሉት ወሬ አይገባኝም። ሆዱን ይዞት ይዞር እንደሆነ እንጂ ስለ ጥጋቡና ስለ ረሃቡ የመወሰን ሥልጣን የቤተሰቡ፣ ሲሰፋም የሰፈሩ ነው። ደግሞስ ልጁ አለመጥገቡን የሚያረጋግጥ ማስረጃ መች አጣን? ሰሃኑ ላይ ገና ገንፎ አለ።

ይህን ማስረጃ ይዘው ለሥራ የሚነሡትን ባለሙያዎች ላድንቅ። ልጅ መጋት ማንም እንደፈለገ የሚሞክረው ነገር አይደለም። ልጁ በጀርባው ጭን ላይ ይጋደማል። እጆቹ በነጠላ ተጠቅልለው፣ እግሮቹ በጉልበት መሃል ይያዛሉ። የግራ መዳፍ ጎድጎድ ብሎ ከከንፈሩ ሥር ይደገንና አጥሚቱ ይንቆረቆርበታል። አልውጥም ካለ አፍንጫው ይያዛል፤ መቼም የሰው ልጅ ለመተንፈስ አፉን መክፈቱ አይቀርም። ከከፈተ ይጨመርለታል። ካለቀሰማ ጭራሽ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ነው። ያስላል፣ ይንፈራገጣል፣ ግማሹ በአፍንጫው ይመለሳል። «አይዞህ የኔ ጌታ፣ አንዴ ብቻ!» ይባላል። ብዙ «አንዴ ብቻ» ካለፈ በኋላ ሰሃኑ ባዶ ይሆንና ቤቱ እፎይ ይላል። ወዲያው ልጁ የበላውን በሙሉ እናቱ ትከሻ ላይ ይመልሰዋል። ምን ችግር አለው? ዋናው ነገር «በልቷል» መባሉ ነው። ወጥቶበታል ከተባለም እንደገና መጋት ነው።

የሕክምና ሰዎች እዚህ ላይ ይነጫነጫሉ። የሚያለቅስ ሕፃን አየር እየሳበ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የተንቆረቆረ ፈሳሽ ወደ ሆድ መሄዱን ትቶ ወደ ሳንባ ሊገባ፣ የሳንባ ምች ሊያመጣ፣ ሲብስም ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል ይላሉ። ለዚህ ክርክር የማይበገር መልስ አለን። እኛስ በዚሁ አይደል ያደግነው? በእርግጥ ይህን መልስ የምንሰጠው ያደግነው ብቻ ነን፤ ያላደጉት አስተያየት የመስጠት ዕድል አልገጠማቸውም።

ሌላም ነገር ያነሣሉ። በመዳፍ ተንቆርቁሮ የሚወርድ ምግብ የግድ ቀጭን መሆን አለበት፤ ቀጭን አጥሚት ደግሞ አብዛኛው ውሃ ነው። ሕፃን ከስድስት ወሩ በኋላ የሚያስፈልገው ማንኪያ ላይ ሲቀመጥ የማይፈስ ወፈር ያለ ገንፎ ነው፤ ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ውሃ ከሞላው ለእህሉ ቦታ አይተርፍም። እንግዲህ ይህን ሁሉ ትግል ታግለን፣ ልጁን አስረን፣ አፍንጫውን ይዘን ያስገባነው ውሃ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም ድሉን አያሳንሰውም። ሆዱ ከበሮ ሆኗል፤ ከበሮ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ይጠይቃል?

ዓለም ለትልልቅ አድመኞች የምታሳየው ርኅራኄ ግን ያስቀናል። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1909 የመምረጥ መብት ጠይቀው የታሰሩና ምግብ አንበላም ያሉ ሴቶችን በጎማ ቱቦ በግድ መመገብ ጀመረ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ ጋዜጣው ጮኸ፤ በ1913 መንግሥት የደከሙትን ለጊዜው ፈትቶ ሲያገግሙ መልሶ የሚያስር ሕግ አወጣ። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር ደግሞ በ1975 ቶኪዮ ላይ፣ ኋላም በ1991 ማልታ ላይ፣ አመዛዝኖ ምግብ እምቢ ያለን እስረኛ ሐኪም በግድ እንዳይመግብ ደነገገ። «አመዛዝኖ» የሚለው ቃል ነው ያዳነን። የእኛ አድመኛ ትናንት የገዛ ካልሲውን ሲበላ ስለተያዘ ድንጋጌው አይመለከተውም።

ይሁንና ከአድመኛው ጋር ለመደራደር የሞከሩ የዋሆች አልጠፉም። ክላራ ዴቪስ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ገና ጡት የጣሉ ሕፃናትን ይዛ ቅሌት የሚያሰኝ ነገር ሠራች። ከ30 በላይ ዓይነት ምግብ በተራ በተራ ታቀርብላቸውና የመረጡትን እንዲበሉ ትተዋቸዋለች። ሞግዚቷ ልጁ ሳይጠቁም ማንኪያ አታነሣም፤ አፉን ሳይከፍት አታጎርስም፤ «ጎበዝ» ማለትም «ውይ፣ ምነው ተውከው?» ማለትም ክልክል ነው። «በሞቴ» የምትል አንዲት ነፍስ እንኳ በዚያ ቤት አልነበረችም! ሕፃናቱ አንድ ቀን እንቁላል ላይ ሲዘምቱ፣ ሌላ ቀን ፍራፍሬ ሲያሳድዱ፣ ቁርሳቸው ምሳ፣ ምሳቸው ቁርስ ሲመስል ከረሙ። በ1939 ውጤቱን ስታቀርብ 15ቱም በደህና አድገው ነበር። ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት በሽታ ይዞት የገባ አንድ ልጅ የቀረበለትን የዓሣ ጉበት ዘይት በገዛ ፈቃዱ ሲጠጣ ቆይቶ፣ ሲሻለው ተወው።

ዴቪስ ራሷ ምስጢሩን አልደበቀችም። ገበታው ላይ ስኳርም ብስኩትም አልነበረም፤ ልጁ የፈለገውን ቢመርጥ የሚመርጠው ከደህና ምግብ መሃል ነው። እኛ ደግሞ በዚህ በኩል ለጋሶች ነን። በአራት ሰዓት ብስኩት፣ በአምስት ሰዓት ጁስ፣ በአምስት ተኩል ጎረቤት ያመጣችው ከረሜላ፣ በመካከሉም ጡት። በስድስት ሰዓት ገንፎ ሲመጣ ልጁ አፉን ይዘጋል። ይሄኔ ነው «ይሄ ልጅ እህል የሚባል አይቀምስም» ተብሎ ስብሰባ የሚጠራው።

ስብሰባው ላይ የዓለም ጤና ድርጅት ቢገኝ ሳያፍር አይቀርም። ድርጅቱ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን በ2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ይጀምር፣ እስከ ስምንት ወሩ በቀን ከ2 እስከ 3 ጊዜ እየተመገበ ቀስ በቀስ ወደ ግማሽ ኩባያ ይድረስ ይላል። ጡት የሚጠባ ልጅ በዚህ ዕድሜው ከምግብ የሚጠበቅበት በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው፤ ሌላው ከጡት ይመጣል። ግማሽ ኩባያ! የትኛዋ አያት ናት ግማሽ ኩባያ አቅርባ በሰው ፊት የምትቆመው? የልጁ ሰሃን የአባቱ ሰሃን ነው፤ ልጁ ሰሃኑን ካላከለ ጥፋቱ የልጁ ነው።

ደግሞ ያ ምላስ አለ። ገንፎውን ገፍቶ ያወጣዋል። ይህ በተፈጥሮ የተሰጠው፣ ባዕድ ነገር ጉሮሮው እንዳይገባ የሚከላከልበት ምላሽ መሆኑን፣ በአራትና በስድስት ወር መካከል እየጠፋ እንደሚሄድ ይነግሩናል። አዲስ ጣዕም ለመልመድም አሥር ጊዜና ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል ይላሉ። እኛ ግን ፊት ማንበብ እናውቅበታለን። አንዴ ፊቱን ካጨማደደ ምስር ጠልቷል፤ ሁለተኛ ምስር በዚያ ቤት አይዞርም። ድንች ላይም እንዲሁ፣ ካሮት ላይም እንዲሁ ተፈርዶ የቀረው ስኳር ያለበት አጥሚት ብቻ ሲሆን «ምግብ ይመርጣል» ብለን እንከሰዋለን።

የእንግዳ ወጋችንን ለሕፃን ማዋላችን ደግሞ ሌላው ጌጣችን ነው። እንግዳን «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» ብሎ ማጉረስ ያለ ነው። እንግዳው ግን ቢያንስ ምሎ ይገዘታል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይስጥልኝ» ይላል፣ ካልሆነም ተነሥቶ እጁን ይታጠባል። የስምንት ወሩ እንግዳ የሚያውቀው መሐላ የለም። ያለው ራስ ማዞር፣ ከንፈር መግጠም፣ ማንኪያ መምታት ነው። ሦስቱንም ተጠቅሞ ሲያበቃ አንድ ለአባዬ፣ አንድ ለእማዬ፣ አንድ ለአጎቴ ይባልለታል፤ የቤተ ዘመዱ ብዛት ለሆዱ አስጊ ነው። ካልሆነ ጅብ ይጠራል። ጅቡም ካልበቃ ስልኩ ይመጣል፤ ልጁ ዓይኑ ካርቱኑ ላይ ፈጦ፣ ምን እንደገባ ሳያውቅ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። አባት ይህን አይቶ «አያችሁ፣ ለእኔ ይበላል» ይላል። ድል በየፈርጁ ነው።

ባሕር ማዶ ያሉትም ከዚህ ጸጋ አልተለዩም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች እናት ልጇን ከፍ ያለች የሕፃን ወንበር ላይ አስቀምጣ በደንብ የበሰለ ካሮት ፊቱ ብታደርግለት፣ አያት ከአዲስ አበባ በዋትስአፕ ቪዲዮ ታያታለች። «ይኼ ነው ምሳ የምትዪው? ለዶሮ ነው እንዴ የምትበትኚለት? በይ አጋድሚው!» ልጅቷ «እማዬ፣ ሐኪሙ በግድ አትስጪው ብሎኛል» ስትል መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ሐኪሙ ስንት ወልዷል?»

ይህ ሁሉ ካልሠራ ምርመራው ወደ ሰፈር ይወርዳል። አንዷ ዓይን በልቶታል ትላለች። ሌላዋ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ሦስተኛዋ ግግ ነው ትላለች። ለሁሉም ምላጭና ሽቦ የያዘ ሰው በቅርብ ይገኛል። ጉሮሮው የቆሰለ፣ ድዱ የደማ ልጅ በማግስቱ ለምን ምግብ እንደሚጠላ ግን ለማንም እንቆቅልሽ ነው። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 ለአራስ ቅቤ ማስዋጥን፣ እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ ማውጣትን በስማቸው ጠርቶ፣ በዚህ ሳቢያ ልጅ ቢሞት ያስቀጣል ይላል። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ልጅ አሳድገው አያውቁ ይሆናል።

ሽሙጡ እዚህ ይብቃኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሚሾፍበት አይደለም። በአገራችን በእርግጥ የሚቀጭጩ ልጆች አሉ፤ የእናቶች ሥጋትም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ልጅ ክብደቱ ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ከያዘው፣ ሽንቱ ካነሰ፣ ጡትም እምቢ ካለ፣ በበላ ቁጥር የሚያንቀው ከሆነ ችግሩ አመል አይደለም፤ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ሚዛኑ ያለው እዚያ ነው፤ የጎረቤት ዓይን ክብደት አይለካም። ክብደቱ በካርዱ ላይ እየጨመረ፣ እየዳኸ፣ እየሳቀ፣ ካልሲውን እየበላ ያለ ልጅ ግን አልታመመም። ጠግቧል።

ምሳውን ምን እንደሚሆን፣ መቼና የት እንደሚቀርብ እናንተ ወስኑ፤ ይኼ ሥልጣን የእናንተ ነው። ምስሩን አድቅቁለት፣ እንቁላሉን ቀቅሉለት፣ ገንፎውን አወፍሩለት፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ከእናንተው ጋር ይብላ፣ በእጁም ያቡካው። ምን ያህል እንደሚበላ ለእሱ ተዉለት። እናንተ አያቶች፣ እናንተ እናቶች፣ ስልክ የያዛችሁ አባቶችም ጭምር፦ ዛሬ ምሳ ላይ ፊቱን ሲያዞር ነጠላውን አትፈልጉ፣ አፍንጫውንም ተዉት፤ ሰሃኑን አንሡና አፉን ጥረጉለት።