ፊቱ ወደ ጣና፣ ጀርባው ለጎረቤት

ወረታ ላይ አቅጣጫ የጠፋበት እንግዳ ሰው መጠየቅ አይጠበቅበትም፤ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ይበቃዋል። አንገቱን ደፋ አድርጎ ወደ ምዕራብ ያፈጠጠው ዲሽ ናይል ሳት ነው፤ ፊቱ ወደ ጣና። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዞሮ ሽቅብ ያንጋጠጠው ደግሞ ኢትዮ ሳት ነው፤ እሱ የሚያየው ወደ ጉና፣ ከተራራው አናት በላይ ነው። ናይል ሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ፣ ኢትዮ ሳትን የተሸከመችው ሳተላይት ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስለሆኑ ሁለቱን ባንድ ዲሽ መያዝ አይቻልም። እንግዲህ ለአንድ ቤት ሁለት ዲሽ፤ ስምንት በር ላለው ፎቅ አሥራ ስድስት ዲሽ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከሒሳብ ጋር ደግሞ ማን ይጣላል?

እኔም ልጣላ አልተነሣሁም። የተነሣሁት ይህን የከበረ ሥርዓት ካጉል ተቺዎች ልከላከልለት ነው። ሰሞኑን እንዲህ የሚሉ ሰዎች በዝተዋል፦ «ለአንድ ፎቅ ሁለት ዲሽ ይበቃል። አንዱን ወደ ናይል ሳት፣ አንዱን ወደ ኢትዮ ሳት አዙራችሁ ጣሪያው ላይ ትከሉ። መልቲስዊች የምትባል ዕቃ ግዙ። ከእሷ ወደ እያንዳንዱ በር አንድ ኬብል ይውረድ። ሁሉም የየራሱን ሪሲቨር ይሰካል፤ የፈለገውን ቻናል ያያል፤ የአንዱ ምርጫ ሌላውን አይነካም።» አቅም ካነሰም ባለ አራት አፍ ኤልኤንቢ፣ ማለትም ዲሹ ፊት ላይ የሚታሰረው ሞገድ ተቀባይ፣ አራት ቤት ያጠግባል ይላሉ።

ሲሰሙት ያምራል። እነዚህ ሰዎች ግን በአንድ ነገር ላይ ዝም ይላሉ፦ ገንዘቡን ማን ይይዛል?

ይህን ጥያቄ ይዛችሁ አንድ የነዋሪዎች ስብሰባ በሐሳባችሁ ተከታተሉ። ምድር ቤት ያለው ተነሥቶ፣ «ለእኔ የሚወርደው ኬብል ረጅም ስለሆነ ሲግናሉ ደክሞ ይደርሰኛል፤ እኩል አልከፍልም» ይላል። ላይኛው ፎቅ ያለችው፣ «ዲሹ የሚተከለው እኔ ራስ ላይ ነው፤ ሠሪው በወጣ ቁጥር ኮርኒሴ ይንቀጠቀጣል፤ እንዲያውም ሊከፈለኝ ይገባል» ትላለች። አንዱ ቴሌቪዥን የለኝም ይላል፤ ማታ ማታ ግን ከበሩ ሥር የሰማያዊ ብርሃን ጭረት ይታያል። ከኋላ የተቀመጡት እናት ደግሞ፣ «እናንተ ልጆች፣ መብረቅ ቢመታውስ ማነው የሚጠየቀው?» ብለው ቤቱን ዝም ያሰኛሉ። ከዚያ አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ቡና ይጠጣል፤ ሁለተኛም ይጠጣል፤ በረካ ላይ ሲደርስ ሰብሳቢው ለራሱ ዲሽ መግዛቱ ይሰማል። በሳምንቱ ጸሐፊው ይገዛል። ገንዘብ ያዡ መጨረሻ ላይ ይገዛል፤ ምክንያቱም የሰበሰበውን መልሶ መቁጠር ነበረበት።

እንዲህ ያለውን ጣጣ የምንፈራው መተባበር ስለማናውቅ አይደለም። በፎገራ ሜዳ ላይ ይህን የሚል ሰው ይሳቅበታል። ሩዙ ራሱ ምስክር ነው፤ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ጅግና ወደሚባለው ቀበሌ ገብቶ፣ ከገበሬ ወደ ገበሬ እየተዳረሰ ሜዳውን የሸፈነው ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያ በጨረታ አልተከፋፈለም። አረሙና አጨዳው በደቦና በወንፈል ይወጣል። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ማሳውን ሲውጡት ከብቱን ወደ ደረቅ መሬት የሚነዳው ሰፈርተኛ ሁሉ ነው። እድሩ አለ፤ ድንኳኑ የጋራ፣ አግዳሚው የጋራ፣ ብረት ድስቱ የጋራ፣ ለቅሶው የጋራ። ታዲያ ለቀብር የተስማማ ሰው ለዲሽ ለምን አይስማማም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልሱ ግልጽ ነው፤ ሟች ቻናል አይቀይርም።

ደግሞ ማን ነው የማኅበረሰብ ኬብል ቴሌቪዥን የለንም ያለው? አለን እኮ! አስፋልቱን ትታችሁ ወደ ውስጥ፣ ክፍል እየተከፋፈለ ወደሚከራይባቸው ግቢዎች ግቡ። አከራዩ ሳሎን አንድ ሪሲቨር አለ። ከሪሲቨሩ የወጣው ኬብል ግድግዳ በስቶ፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ተከትሎ፣ በየተከራዩ መስኮት ይገባል። ኪራዩ ላይ ስለ ዲሽ ትንሽ ትታከላለች። አገልግሎቱ የተሟላ ነው፦ አምስት ክፍል፣ አምስት ቴሌቪዥን፣ አንድ ሪሞት። ሪሞቱ አከራዩ ጭን ላይ ነው።

የዚህ ሥርዓት ውበት ያልኖረበት አይገባውም። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ፊልም በአማርኛ እየሰማ ያደገ ትውልድ አለ፤ የተከራይ ልጆች ግን ከእያንዳንዱ ፊልም ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። ባልየው በሩን ከፍቶ ሚስቱን ከማያውቁት ሰው ጋር ሊያገኛት ሲል አከራዩ ኳስ ትዝ ይለዋል። በአምስቱ ክፍል በአንድ ጊዜ «ውይ!» ይባላል። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሕፃን በባዶ እግሩ ተልኮ ይመጣል፦ «ጋሼ፣ እማዬ ‹እባክዎ ፊልሙ ሊያልቅ ነው፣ ይመልሱልን› ብላለች።» ጋሼ ደግ ሰው ናቸው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይመልሱታል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ጋሼን እንቅልፍ ሲጥላቸው ግቢው በሙሉ ይተኛል። የእንቅልፍ ሰዓትን ለማስከበር ይህን ያህል የተሳካለት ተቋም በአገራችን አላውቅም።

ከአገዛዙ ማምለጥ የፈለገ ተከራይ ደግሞ አለ። እሱ የራሱን ሪሲቨር ይገዛል፤ ከጣሪያው የሚወርደውን ኬብል ግን በስፕሊተር ይካፈላል። እዚህ ላይ ሳይንስ ይገባል፤ ታገሡኝ። ሪሲቨር በኬብሉ ወደ ኤልኤንቢው ኤሌክትሪክ ይልካል። 13 ቮልት ሲልክ ኤልኤንቢው በቁም የሚመጡትን ቻናሎች ይቀበላል፤ 18 ቮልት ሲልክ በአግድም የሚመጡትን። ናይል ሳት ላይ ሁለቱም ዓይነት አለ። ባለ አንድ አፍ ኤልኤንቢ ግን ሁለቱን ባንድ ጊዜ አይችልም፤ ሁለት ሪሲቨር ሁለት ትእዛዝ ከላከለት የሚታዘዘው ለ18ቱ ነው። ስለዚህ ከወዲህኛው ክፍል ስብከት እያደመጡ ያሉ እናት፣ ከወዲያኛው ክፍል ያለ ጎረምሳ 18 ቮልት የያዘ ፊልም በከፈተ ቅጽበት፣ ሰባኪያቸው «እንግዲህ ምእመናን…» እንዳለ ይጠፋባቸዋል። እናት ይህን የሰይጣን ሥራ ነው ይላሉ። ብዙም አልተሳሳቱም።

ባለ ሁለት አፍ ኤልኤንቢ ይህን ጠብ በአንድ ከሰዓት ይፈታዋል። ግን አስቡት፤ ጠቡ ከተፈታ ሁለቱ ጎረቤቶች በምን ሊነጋገሩ ነው?

ወደ ፎቁ ልመለስ። በዚህ ጉዳይ መሪያችን አዲስ አበባ ናት። ጀሞ፣ ሰሚት፣ ጎተራ ሄዶ ኮንዶሚኒየሞቹን ከጎን ያየ ሰው ሕንፃ ዲሽ የሚያፈራ ነገር ይመስለዋል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ የተባለው ቁጥር 370/1995 ቤቱን ለባለቤቱ፣ ከቤቱ ውጭ ያለውን ለጋራ አድርጎ፣ የጋራውን የሚያስተዳድር የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲኖር ደንግጓል። ጣሪያውና የውጭ ግድግዳው እንግዲህ የጋራ ነው። ነዋሪው አዋጁን በአግባቡ አንብቦታል፦ የጋራ ከሆነ የእኔም ነው፤ የእኔ ከሆነ እበሳዋለሁ። ማኅበሩ ደግሞ የጥበቃ ደመወዝና የቧንቧ ጠብ እንጂ የሰማይ ጉዳይ ሥልጣኑ እንዳልሆነ ያምናል። ወረታ ፎቋ ገና ጥቂት ነው፤ ትምህርቱን ግን ከወዲሁ ጨርሳለች።

አሜሪካኖች በዚህ ረገድ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1948 የፔንሲልቬንያ ሸለቆ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ከተሞች ተራራ ከልሏቸው ከከተማ የሚመጣ የቴሌቪዥን ሞገድ አልደርስ ሲላቸው፣ ተራራው አናት ላይ አንድ አንቴና አቁመው ገመድ ወደየቤቱ ጎተቱ። ስሙንም የማኅበረሰብ አንቴና አሉት። ዛሬ ኬብል ቴሌቪዥን የሚባለው ትልቅ ንግድ ከእንዲህ ያለ ችግረኛ ገመድ ነው የበቀለው። ምን ያድርጉ፣ ተራራ አስገድዷቸው ነው። እኛ ሜዳ ላይ ነን። ሰማያችን ዙሪያውን ክፍት ነው። እንድንተባበር የሚያስገድደን አንድ ጉብታ እንኳ ፈጣሪ አላስቀመጠብንም።

ይህ ሥርዓት እንጀራ ያበላው ሰውም አለ፦ ዲሽ ሠሪው። የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት ከናይል ሳት ወደ ኢትዮ ሳት ሲዛወሩ ስምንቱም ቤት «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ላይ አፈጠጠ፤ ስምንቱም ቤት ለየብቻው ሠሪ ጠራ። ሠሪው አንዱን ጣሪያ ስምንት ጊዜ ወጣ። በወጣ ቁጥር የጎረቤቱን ዲሽ በጉልበቱ ነካ አድርጎ ያልፋል። ሳተላይቷ ከ35 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነው ያለችው፤ እታች በአንድ ዲግሪ የተዛነፈ ዲሽ እላይ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል፤ ከወረታ ተነሥቶ አዲስ አበባ እንደመግባት ነው። ስምንተኛው ዲሽ ሲስተካከል አንደኛው አዲስ አበባ ገብቷል። ሠሪው ይህን አስቦ ነው የሚያደርገው የሚሉ ምላሰኞች አሉ። እኔ አላምንም፤ ጣሪያው ላይ እግር ማሳረፊያ ቦታ በእርግጥ የለም።

ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ቲያትሩ ይደምቃል። ደመናው ከጣና በኩል ጠቁሮ ሲመጣ ምስሉ ይሸራረፋል፤ ተዋናዩ አፉ አንድ ቦታ ዓይኑ ሌላ ቦታ ይሆናል። ከባድ ዝናብ ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ሲያባራ ራሱ ይመለሳል፤ ምንም መንካት አያስፈልግም። ይህን ግን ለወንድ ልጅ ማን ይነግረዋል? ጃንጥላ ይዞ ጣሪያ ይወጣል። አንድ ልጅ ደረጃው ላይ፣ ሚስት ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ ይይዛሉ።

«መጣ?»

«አልመጣም!»

«አሁንስ?»

«መጥቶ ሄደ!»

«ወደየት ሳዞረው ነው የሄደው?»

«እኔ ምን ዓይቼ!»

ስምንት አባወራ በስምንት ጃንጥላ ሥር ይህንኑ ሲጯጯህ ዝናቡ ያባራል። ያልተነካው ዲሽ ራሱ ይመለሳል፤ የተነካው ሠሪ ይጠራለታል።

አንድ ጊዜ ብቻ ሥርዓቱ ሊናጋ ተቃርቦ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲከርም፣ ወሬ የሚመጣበት መስኮት ዲሽ ሆነ። ዲሽ የሌለው ተከራይ ዲሽ ወዳለው ማምሸት ጀመረ። ሰዎች ባንድ ክፍል ቁጭ ብለው፣ ባንድ ቴሌቪዥን፣ ባንድ ዲሽ ዜና ሰሙ። እንደ ድሮው ቴሌቪዥን ካለው ቤት ደጃፍ ሰፈሩ እንደሚሰበሰብበት ጊዜ ማለት ነው። ማንም አልሞተም፤ ሪሞትም አልተሰበረም። ደግነቱ ነገሩ ሳይለመድ ቀረ፤ የቻለ ሁሉ ወዲያው የራሱን ገዛ። ማምሸት ስኳር ያስወጣል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ወደ ኋላ እንዳንመለስ ብቻ ሳይሆን ወደፊት እንድንራመድ ነው። የየራሳችን ዲሽ ካለን በኋላ የሌላ ሰው ሳተላይት መለመን ምን ይባላል? ኢትዮ ሳትን የተሸከመችው ሳተላይት እንኳ የሉክሰምበርግ ኩባንያ ንብረት ናት፤ አገር ሙሉ ተጋርተናታል፤ ነውር ነው። አገራችን በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያስወነጨፈቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ነበር። ከአንድ ኩንታል ሩዝ ታንሳለች ማለት ነው፤ አንድ ጎረምሳ ተሸክሟት ከባጃጅ ያወርዳታል። መሬት የምታጠና እንጂ ፊልም የምታሳይ አልነበረችም፤ ያን ለሠሪው መንገር ነው። ለእያንዳንዱ በር አንዳንድ ብትደርስ ጠቡ ሁሉ ያበቃ ነበር።

ያልተፈታው የማስወንጨፊያ ቦታ ነገር ነው። ጣሪያው በዲሽ ሞልቷል፤ ዲሽህን አንሣልኝ ብለው ጎረቤትን ቢጠይቁት ደግሞ ስብሰባ ይጠራል።