ሐተታ በእንተ ትርፍ ብሎን

ወደ ጋራዥ የገባ መኪና ሲወጣ ክብደቱ በጥቂት ግራም ቀልሎ እንደሚወጣ፣ የቀለለውም ነገር በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ለባለቤቱ እንደሚሰጥ በአዲስ አበባ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገሩ ከዕለት ልማድ ስለ ተቈጠረ ግን ሐተታ ሊጽፍለት የተነሣ ሊቅ አላጋጠመኝም፤ እኔም ሊቅ ባልሆንም ጉዳዩ በገዛ ቮልሴ ላይ ስለ ደረሰና ማስረጃውም እቤቴ በቡና ጣሳ ውስጥ ተቀምጦ ስለ ነበረ፣ ሥራውን ለሌላ ማሳለፍ ስንፍና መስሎ ታየኝ።

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ፍሪሲዮኗ ሲያልቅ ሞተሩ መውረድ አለበት። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር አጣብቀው የሚይዙት አራት ብሎኖች ብቻ ሲሆኑ፣ ሁለቱ ከታች ሁለቱ ከላይ ናቸው፤ ከላይኞቹም በቀኝ በኩል ያለው፣ ሞተሩን ከመያዝ ሌላ ሞቶሪኖውን የመሸከም ተጨማሪ ሹመት ተሰጥቶታል። ስፍራው እጅግ ጠባብ በመሆኑ፣ አንዱ ሰው ከሥር ተኝቶ ይዞ ሲጠብቅ ሌላው ከላይ በ17 ቁልፍ በዳበሳ እንዲያጠብቅ ግድ ይላል፤ ይህም ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት በአንድ ልብ እንዲሆኑ የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ ከምሳ በኋላ አይሞከርም።

«ነገ ትደርሳለች» የተባለችው መኪና በስምንተኛው ነገ ደረሰች። ሒሳቡን ከፍዬ ስነሣ ወጣቱ መካኒክ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ብሎን በሁለት እጁ፣ በአክብሮት አቀረበልኝ። «ይህስ ምንድን ነው?» ብለው፣ «ትርፍ ነው ጋሼ፣ ያስቀምጡት» አለኝ።

ንባቡ ከሁለት ቃል አያልፍም፤ ምሥጢሩ ግን ጥልቅ ነውና አበው ቅዱሳት መጻሕፍትን በተረጐሙበት በአንድምታው መንገድ ልንሄድበት ይገባል። «ትርፍ ነው» አለ፤ ፋብሪካው አብዝቶ ጨምሮታል ሲል ነው። አንድም፣ ቢኖርም ባይኖርም መኪናዋ ትሄዳለች ሲል ነው። አንድም፣ ከሌላ ሰው መኪና የተገኘ ነውና አንተን አያገባህም ሲል ነው። አንድም፣ ስፍራው ጠቦኝ እጄ አልደረሰም ሲል ነው።

የፊተኛው ትርጓሜ በቍጥር ይፈርሳል። የመጨረሻዋ ቮልስ በ1995 ዓ.ም. ክረምት በሜክሲኮ (አደባባዩን ሳይሆን አገሩን ማለቴ ነው) በፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን የሚበልጡ እኅቶቿ ተሠርተዋልና፣ በየአንዳንዳቸው አንድ ብሎን በከንቱ ተጨምሮ ቢሆን 21 ሚሊዮን ብሎን ባከነ ማለት ነው፤ ራዲያተርን ያህል ነገር ትርፍ ነው ብለው አስወግደው ሞተሩን በነፋስ ያቀዘቀዙ ጀርመኖች ይህን አላዩም ማለት ለኅሊና ይከብዳል።

ሁለተኛውን የሻረችው ራሷ መኪናዋ ናት። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ባዞርሁ ቍጥር ሞቶሪኖው እየተንጋደደ ከቮላኖው ጥርስ ጋር ይፋጭ ጀመር፤ ጎረቤቶቼም ማለዳ ማለዳ ማሽላ የማስፈጭ መስሏቸው ነበር። ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ ሽቅብ ስትወጣም ፍሪሲዮን በለቀቅሁ ጊዜ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። ወደ ወጣቱ ተመልሼ ብነግረው ጆሮውን አዘንብሎ ካዳመጠ በኋላ፣ «ይኼ ድምፅ ድሮም ነበራት» አለኝ።

ሦስተኛውን በአንድ መሥመር አልፈዋለሁ፤ የባዕድን ገንዘብ በጋዜጣ ጠቅልሎ በሁለት እጁ የሚያስረክብ ሰው አይገኝምና። ስለዚህ ወርቁ አራተኛው ነው ብዬ ፈረድሁ።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋው ጥቂት ማለት ይገባል። ለቤተ ክህነት ግእዝ እንደ ሆነ ሁሉ ለጋራዥ ጣሊያንኛ ነው። መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሊ ለዐፄ ምኒልክ ባመጣው ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ ከ28 ዓመት በኋላ የመጣው ጠላት ግን አምስት ዓመት ብቻ ተቀምጦ ሲባረር ሠራዊቱን ይዞ ወጣ እንጂ ቃላቱን ይዞ አልወጣም፤ ፍሬኑም ካንዴላውም ካቻቪቴውም ከመኪና ሥር ተኝተው ቀሩ። ምእመኑ የካህኑን ዜማ ትርጕሙን ባያውቅም አሜን እንደሚል፣ ባለ መኪናም «ኩሽኔታው በልቷል» ሲባል ራሱን ነቅንቆ ገንዘቡን ያወጣል። እኔ በግሌ «ጓርኒሲዮን» የሚለውን ቃል ሰምቼ ተከራክሬ አላውቅም።

በመጨረሻ ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። እርሳቸውም በሞያው ሥርዓት መሠረት ቁልፍ ከማንሣታቸው በፊት፣ «ይህችን መኪና ማን ነው እንዲህ አድርጎ የነካት?» ብለው የፊተኛውን አወገዙ፤ የቀደመውን ሳያወግዝ ሥራ የጀመረ መካኒክ እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ምናልባትም ሥልጣነ ክህነቱ ይያዝበት ይሆናል። ከዚያ ከሥሯ ገብተው ዳብሰው፣ በስተቀኝ ያለው የላይኛው ቀዳዳ ባዶውን መሆኑን ነገሩኝ። ይህን ስሰማ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኀዘን ይልቅ ደስታ ተሰማኝ፤ አራተኛው ትርጓሜ ጸና! ጣሳዬን ከፍቼ ብሎኑን እንደ ቅዱስ ንዋይ አወጣሁላቸው።

አዛውንቱ ቢያስገቡት ሁለት ዙር ያህል ዞሮ እንቢ አለ። መነጽራቸውን አድርገው ጥርሱን አዩት፣ በጥፍራቸውም ዳሰሱት። «ጌታው» አሉኝ፣ «ይኼ የላዳ ነው። ራሱ እንደርስዎ ብሎን በ17 ይፈታል፤ ጥርሱ ግን ደቃቅ ነው።» ላዳ ከጣሊያኑ ከፊያት 124 መወለዷን አስቤ ጥቂት ዝም አልሁ። አዛውንቱ ከሣጥናቸው ሌላ ብሎን ፈልገው ልጃቸውን ከሥር አስተኝተው አጠበቁት፤ ማሽላውም በዚያው ቀን ተፈጭቶ አለቀ።

ለጠብ ሳይሆን ለሐተታው ምሉዕነት ስል በማግስቱ ወደ ወጣቱ ጋራዥ ተመለስሁ። ከአንዲት ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሥር ተኝቶ እግሮቹ ብቻ ይታያሉ። ብሎኑን ዝቅ ብዬ በእጁ አስያዝሁትና ያዛውንቱን ቃል አንድ በአንድ ነገርሁት። ከሥር ሆኖ ብሎኑን ሲያገላብጥ ይሰማኛል።

«እኔስ ምን አልኩዎት ጋሼ» አለ፣ «ትርፍ ነው አላልኩም?»