ትልቅ ስክሪን ለቀለበት

ነገሩ የመጣው ከዓይኔ ነው። ታብሌቴ ምንም አልነበረባትም፤ እኔ ግን ያለ መነጽር አሜሪካ ያለችውን እህቴን ከባሏ መለየት አቅቶኝ ነበር። የልጇ ቀለበት ሲደርስ ደግሞ የሰፈር ሽማግሌዎች እኔ ቤት ተሰብስበው በቪዲዮ ይመርቁ ተባለ። ያ ሁሉ ሽማግሌ በአንዲት ታብሌት ላይ ይጋፋ? ብልጥ ልጅ የሰጡትን ይዞ ያለቅሳል ይላሉ፤ እኔ የያዝኳትን ሰጥቼ፣ በላይዋ ብር ጨምሬ፣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ከነስክሪኑ ወሰድኩ።

ከመካኒሳ በጀርመን አደባባይ አድርጎ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ጫንኩት። ረዳቱ «ፋዘር፣ ዕቃው የራሱን ይከፍላል» አለ፤ ከፈለ። ከዚያ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለ። ደረጃው ላይ ያገኘችኝ ጎረቤት «ቴሌቪዥን ገዛህ?» ስትለኝ፣ እያለከለክሁም ቢሆን «ኮምፒውተር ነው» አልኩ፤ ጠጋ ብላ እንድታይልኝም ቆም አልኩ።

የቀለበቱ ዕለት ቡና ተፈላ፣ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ፊት ለፊት ተደረደረ። ኢንተርኔቱ ግን የለም። ጠዋት ሰዓቱንና ቀኑን ያስተካከለልኝን የጎረቤት ልጅ አስጠራሁ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ዋይፋይ የለውም» ብሎ ከቤታቸው በኮሪደሩ ገመድ ስቦ ከኋላው ሰካው። እህቴ ወለል ብላ ታየች! እልል እያለች እንደሆነ ከአፏ ያስታውቃል፤ ድምፅ ግን የለም፣ ስፒከር የለውማ። እኛም እልል አልን፤ ማይክ የለውም። ተነስተን እጅ አወዛወዝን፤ ካሜራ የለውም። እሷ ዓይኗን አጥብባ ጥቁር ነገር ታያለች፣ እኔ ስክሪኑን ከፊትም ከኋላም እየዳበስኩ የካሜራውን ቀዳዳ እፈልጋለሁ።

እዚህ ላይ የወንጪ ልጆች ትዝ አሉኝ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌት በታሸገ ካርቶን፣ ያለ አስተማሪ ሰጥቶ ነበር። ካሜራው ተዘግቶ ነበር፤ ልጆቹ ግን በወራት ውስጥ ከፍተው ፎቶ ያነሱ ጀመር። እነሱ የተደበቀውን አገኙ፤ እኔ ኮሌጅ በጥሼ ያልተፈጠረውን እፈልጋለሁ።

አንጋፋው ሽማግሌ ይህን ሁሉ አላወቁም። ተነስተው ስክሪኑን በረጅሙ መረቁት፤ «አሜን» አልን። «ሰምተውናል?» ሲሉኝ «በደንብ!» አልኩ።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ታብሌት ቢሆን ባትሪው ውስጡ ነው፣ መብራት መሄዱንም አያውቅ! ይሄኛው ጭጭ አለ። ልጁ ዴስክቶፕ ውስጥ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ሰዓት፣ ቀንና መሰል ቅንብር ከማስታወስ በቀር ሥራ እንደሌላት አስረዳን፤ ያገለገለ ስለሆነ እሷም ሳትሞት እንዳልቀረች ጨመረ።

መብራት ሲመጣ እውነትም ሞታለች። ስክሪኑ ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። ቀኑ ካልተስተካከለ ኢንተርኔቱም እሺ አይልም። ከፈረንጅ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መሆናችን አንሶ!

ሽማግሌው ቀኑን አስነብበው ሰሙና ከዘራቸውን መልሰው አስቀመጡ። «በዚህ ከሆነማ ልጅቷ ገና ሕፃን ናት። በሉ፣ ሁለተኛውን ቅዱልን።»